የሞቀው ብልቃጥ

ዓፊያ እንድሪስ የጤና ኤክስቴንሽን ሠልጥና ቡርቃ ስትመደብ ሚሌኒየሙ ከተከበረ ዓመት አልሞላውም ነበር። የከሚሴ ልጅ ናት። ቡርቃ ደግሞ ከአስፋልቱ ወደ ቦርከና ወንዝ ወረድ ብላ፣ በማሽላና በጤፍ ማሳ መሀል የተበተነች የጨፋ ሸለቆ ቀበሌ ናት። ሙቀቷ አያድርስ ነው፤ ወባዋም እንደዚያው። ሰዎቹ ግን ዓፊያን ቶሎ ለመዷት። ሰው ቤት ስትገባ «አከም ቡልተኒ» ብላ በኦሮምኛ ሰላምታ ትጀምርና ወሬው ሲሞቅ ወደ አማርኛ ትሻገራለች፤ ባለቤቶቹም ቢሆኑ አንዱን ነገር በሁለት ቋንቋ ጀምረው የሚጨርሱ ናቸው። ሽንት ቤት ቆፍሩ ስትል ቆፈሩ። አጎበሩን እህል መሸፈኛ አታድርጉት፣ ተኙበት ስትል እየሳቁም ቢሆን ተኙበት። ልጅ ከማብላታችሁ በፊት እጃችሁን ታጠቡ፣ ሳሙና ከሌለ በአመድ ስትል ሴቶቹ «እሺ ዶክተሯ» አሏት፤ ዶክተር እንዳልሆነች እያወቁ።

መርፌ ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ሁሉ ቀጥ አለ።

ምክንያቱ አባባ ጀይሉ ነበሩ። አባባ ጀይሉ ሰፈሩ የሚሰማቸው፣ ጠብ ሲነሳ የሚያስታርቁ፣ የተከበሩ ገበሬ ናቸው። ከብዙ ዓመት በፊት የመጨረሻ ልጃቸው ሙሀመድኑር ትኩሳት ይዞት ሲንቀጠቀጥ፣ በጀርባቸው አዝለው ጨፋ ሮቢት ገበያ አወረዱት። እዚያ ቦርሳ ይዞ የሚዞር መርፌ ወጊ ነበር። ሰውዬው ልጁን መቀመጫው ላይ ወጋው። ትኩሳቱ ለቀቀ፤ እግሩ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ እየመነመነ ሄደ። ሙሀመድኑር አሁን ሚስት አግብቶ የልጅ አባት ሆኗል፤ ሲራመድ ግን ግራ እግሩን እየጎተተ ነው። ያንን እግር በየቀኑ የሚያይ ሰፈር ስለ መርፌ ሌላ አስተማሪ አላስፈለገውም።

የሙሀመድኑር ሚስት ዙቤይዳ ትባላለች። ዓፊያ ከቡርቃ ሴቶች ሁሉ የቀረበችው እሷን ነው። ዙቤይዳ ወሬ ታውቃለች፣ ትስቃለች፣ አንድ ነገር ካልገባት ደግሞ እስኪገባት አትለቅም። የመጀመሪያ ልጇን ገና በእግሩ ሳይሄድ ኩፍኝ ወስዶባታል። አሁን የምታጠባት ሪሀና ሁለተኛዋ ናት።

አንድ ቀን ውሃ ሊቀዱ አብረው ሲወርዱ ዙቤይዳ ጄሪካኗን ከጀርባዋ አውርዳ ቆመች።

«እስቲ እንደ ሰው አስረጂኝ» አለቻት። «ጤነኛ ልጅ በመርፌ የሚወጋው ለምንድን ነው? የታመመ ይወጋ። ያልታመመ ምን አድርጎ?»

ዓፊያ ሥልጠና ላይ የተነገራትን ልትደግምላት ነበር፤ ተወችው። «የእናንተ ቤት ውሻ ማንን ነው የሚጮህበት?»

«የማያውቀውን ነዋ።»

«ቀስ ብሎ የሚገባን ሌባ ግን ውሻው ሽታውን ቀድሞ ካላወቀው፣ እስኪገባ ተኝቶ ሊያሳልፈው ይችላል አይደል? ክትባት ማለት ሌባውን እጅ እግሩን አስሮ ለውሻው ማሳየት ነው። የታሰረ ሌባ አይሰርቅም። ውሻው ግን አንዴ ካሸተተው አይረሳውም፤ እውነተኛው የመጣ ቀን ደጅ ላይ ይይዘዋል።»

ዙቤይዳ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። «ያ አላህ! ሌባውን ራሱን ልታስገቢብኝ ነዋ!»

«የታሰረውን ነው ያልኩሽ።»

«ማሰሪያው ቢፈታስ?»

«አይፈታም።»

ዙቤይዳ ሳቋን አቆመች። «ልጄን ስቀብር እኮ አንቺ አልነበርሽም» አለች ቀስ ብላ። «አንዱን የቀበረች እናት ቶሎ እሺ ትላለች ብለሽ ታስቢ ይሆናል። እኔ ደግሞ አንዱን ኩፍኝ ወሰደው፣ ሁለተኛዋን በገዛ እጄ ወስጄ እንደ አባቷ ባደርጋትስ እያልኩ ነው የማድረው።»

ከዚያ በኋላ ዓፊያ አልገፋቻትም። ባገኘቻት ቁጥር ግን ዙቤይዳ ራሷ ጥያቄ ይዛ ትመጣ ጀመር፤ ጥያቄውም ከዙቤይዳ ወደ ጎረቤቷ ወደ አሻ፣ ከአሻ ወደ ሌሎቹ፣ በመጨረሻም አባባ ጀይሉ ጆሮ ደረሰ።

የኩፍኝ ክትባት ዘመቻው ሚያዝያ ላይ ዋለ። ክትባቱ የሚመጣው ከጤና ጣቢያው ነው፤ በረዶ ባለበት ሳጥን ታሽጎ፣ በሞተር። የዚያን ቀን ሞተሩ መንገድ ላይ ጎማው ተንፍሶ ሳጥኑ ቡርቃ የደረሰው ፀሐይዋ አናት ላይ ከወጣች በኋላ ነበር። ዓፊያ ከመስጊዱ አጠገብ ካለው ግራር ሥር ጠረጴዛዋን ዘርግታ ከጠዋት ጀምሮ ስትጠብቅ ነው የዋለችው። ሳጥኑን ስትከፍተው በረዶው እኩሌታው ቀልጧል። ይበቃል ብላ ጀመረች። ከአስፋልቱ ዳር ያሉ ሰፈሮች መጡ፤ ልጅ ያለቅሳል፣ እናት ታባብላለች፣ ክዳኑ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ከሰዓት በኋላ የመጨረሻዋን ብልቃጥ የክትባት ዱቄት በማሟሟቻ ውሃው በጥብጣ ለሁለት ሕፃናት ሰጠች። ከዚያ ሰው ጠፋ። ግራሩ ሥር ብቻዋን ቀረች።

የአስር ሶላት ተሰግዶ ካበቃ በኋላ ዕቃዋን ልትሰበስብ ስትል ከመስጊዱ በኩል አባባ ጀይሉ ሲመጡ አየች። ከኋላቸው ዙቤይዳ ሪሀናን አዝላ፣ አሻ ልጇን አሚርን አቅፋ፣ ሌሎችም እናቶች ተከትለው። ያን ሁሉ ወር እምቢ ያለው ሰፈር ነው የመጣው።

«በይ» አሉ አባባ ጀይሉ። ድምፃቸው ደረቅ ነበር። «ይህቺ ምራቴ ሌት ተቀን ክትባት ክትባት ስትል ሰለቸኝ። ከእኔ ቤት ይጀመር ብያለሁ። ቢስሚላህ በይና ጀምሪ።»

የዓፊያ ልቧ በደስታ ዘለለ። እጇን ወደ ሳጥኑ ሰደደች። በረዶ የለም። ጣቷ የነካው ውሃ ነው፤ ውሃውም ለብ ያለ፣ ፀሐይ ላይ የዋለ ጄሪካን ውሃ ይመስላል። ብልቃጡን አወጣችው። እንደ ሰው እጅ ይሞቃል።

የኩፍኝ ክትባት አንዴ ከተበጠበጠ በረዶ ላይ ካልተቀመጠ ይሞታል። ይህንን ሥልጠና ላይ ደጋግመው ነግረዋታል። ሕፃኑን አይጎዳው ይሆናል፤ ግን አይጠብቀውም። የሞቀ ብልቃጥ ይጣላል። ነገሩ ይኸው ነው፤ ምንም የሚያከራክር የለውም።

ቀና አለች። ዙቤይዳ የሪሀናን እጅጌ እየጠቀለለች ነው። አባባ ጀይሉ ፊታቸውን ወደ ማሳው አዙረዋል፣ ማየት ስላልቻሉ። ዛሬ አይሆንም፣ ሌላ ቀን ኑ ብትላቸው እነዚህ ሰዎች ዳግመኛ የሚመጡ አልመሰላትም። ምናልባት አልሞተም ይሆናል ብላ አሰበች። ምናልባት ትንሽ ነፍስ አለው።

«ቢስሚላህ» አለችና ወጋች። ሪሀናን፣ ከዚያ አሚርን፣ ከዚያ ሌሎቹን።

ሲጨርሱ አባባ ጀይሉ ወደሷ ዞረው መረቋት። ዓፊያ አሚን ብላ ባዶውን ብልቃጥ ሳጥኑ ውስጥ መልሳ ክዳኑን ዘጋችው።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄዳ ለሙህዲን ነገረችው። ሙህዲን የክትባት ኃላፊው ነው፤ ጎልማሳ ነርስ፣ ክፉ ሰው አይደለም። ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«መሞቱን በምን አወቅሽ?»

«ሞቆ ነበር።»

«ይሞቃል። መሞቱን ግን እኔም አላውቅም፣ አንቺም አታውቂም።» ተነስቶ በሩን ገፋ አደረገው። «ስሚኝ እህቴ። ከዚህ በፊት በሠራሁበት ወረዳ አንድ ሰፈር ላይ እንዲህ ያለ ነገር ተፈጠረ። ሄደን ተሳስተናል፣ እንደገና እንከትብ አልናቸው። ከዚያ በኋላ እናት ልትወልድ ምጥ ይዟት እንኳ ጤና ጣቢያ አልመጣም አለች። ለመስከረም ሌላ ዙር ይኖራል። ሁሉም ልጅ ይደገማል ትያቸዋለሽ፣ ይደገማል፣ አለቀ። ማን ይጎዳል?»

«እስከ መስከረም ኩፍኝ ቢመጣስ?»

«ኢንሻ አላህ አይመጣም» አለ ሙህዲን።

ዓፊያ ይህን ሰምታ የተሰማት እፎይታ በኋላ ሲያሳፍራት ኖሯል። ዝም በይ የሚላት ሰው ስትፈልግ ነበር፤ አገኘች።

ዝም ማለቱ ግን እንዳሰበችው አልቀለላትም። አባባ ጀይሉ ከትልልቆቹ የልጅ ልጆቻቸው በአንዱ እጅ ወተት ይልኩላት ጀመር። ወተቱን ተቀብላ መጠጣት እያቃታት ለጎረቤት ትሰጠዋለች። ዙቤይዳ ቤት ስትገባ ዓይኗ መጀመሪያ የሚሄደው ሪሀና ላይ ነው፤ ዓይኗ ቀላ? አፍንጫዋ ፈሰሰ? ሪሀና ባስነጠሰች ቁጥር ዓፊያ የጀመረችው ቃል ይጠፋታል። ሴቶቹን ሰብስባ ስታስተምር ድሮ አፏ ይቀናላት ነበር፤ አሁን ክትባት የሚለው ቃል ላይ ስትደርስ ትዘለዋለች። «ምነው ከሳሽ?» አለቻት አሻ አንድ ቀን። «የእኛ ወባ ያዘሽ እንዴ?»

የባቲ ገበያ የሄዱ ነጋዴዎች ወሬውን ይዘው ሲመለሱ ግንቦት ሊጋመስ ነበር። ባቲ ዙሪያ ባሉ ገጠሮች ኩፍኝ ገብቷል። ልጅ እየሞተ ነው።

ዓፊያ ይህን በሰማች በማግስቱ ዙቤይዳ ጤና ኬላው ደጃፍ ላይ ብቅ አለች። ስታለቅስ እንደነበር ፊቷ ያስታውቃል።

«ኡምኩልሱም ልጆቿ ሁሉ ወደቁባት» አለች። ኡምኩልሱም ባቲ አጠገብ ያገባች ታላቅ እህቷ ናት። «ብቻዋን ናት፤ ባሏ ከግመሎቹ ጋር ቆላ ወርዷል። ነገ ጠዋት እሄዳለሁ። አባባም ሂጂ ብለውኛል።»

«ሪሀናንስ?»

«እንዴት ትቻት እሄዳለሁ፣ ትጠባ የለ?» ዙቤይዳ እንባዋን ጠርጋ ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ደግሞ እሷ ምን ትሆናለች? አልሐምዱሊላህ ተከትባለች። ያንን ቀን እንኳን እሺ አልኩሽ! ይሄኔ እህቴን እንኳ ሄጄ ማየት አልችልም ነበር። ላመሰግንሽ ነው የመጣሁት።»

ዓፊያ አፏን ከፈተች። ልትነግራት ነበር። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር። ዙቤይዳ ግን ተንጠራርታ ግንባሯን ሳመቻትና «ዱዓ አድርጊልን» ብላ መንገድ ጀመረች።

«ዙቤይዳ!» አለች ዓፊያ።

ዙቤይዳ ዞረች።

«ምናለ… ትንሽ ቀን ብትቆዪ።»

«ምን ነካሽ? የእህቴ ልጆች እየሞቱ?» አለችና ሄደች።

ዓፊያ የዚያን ቀን ምግብ በአፏ አልዞረም። ራሷን ታባብላለች፤ ምናልባት ይሠራል፣ ምናልባት አልሞተም ነበር። ወዲያው ደግሞ የብልቃጡ ሙቀት መዳፏ ላይ ይመጣባታል። ኩፍኝ ያለበት ቤት ውስጥ፣ ከታመሙ ልጆች ጋር በአንድ መደብ የምትተኛ ሪሀናን አሰበች። ብትሞት ማንም አያውቅም። ዙቤይዳም አታውቅም። የአላህ ሥራ ነው ብላ ትቀብራታለች፣ እንደ መጀመሪያው። ከሁሉ ይልቅ ያስፈራት ይህ ነው፤ ዙቤይዳ እያለቀሰችባት፣ አንገቷን አቅፋ፣ ምንም ሳታውቅ።

ሲነጋጋ ተነስታ ወደ አስፋልቱ ሮጠች። ጫማዋ እያዳለጣት አውልቃ በእጇ ያዘችው። ከሩቅ አንድ ሚኒባስ ወደ ኮምቦልቻ አቅጣጫ ሲነሳ አይታ ይብሱን ሮጠች። ስትደርስ ግን ዙቤይዳ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ሚኒባሱ ሞልቶ ትቷት ሄዷል። ሪሀና ጭኗ ላይ ዳቦ ትገምጣለች።

«ምን ሆነሽ ነው? ማን ሞተ?» ዙቤይዳ ደንግጣ ተነሳች።

«ሪሀናን አትውሰጃት» አለች ዓፊያ እያለከለከች።

«እንዴት?»

«ክትባቱ… የእሷ ክትባት የሞተ ነው። በረዶው ቀልጦ ነበር። ሞቆ ነበር። እያወቅሁ ነው የሰጠኋት።»

ዙቤይዳ መጀመሪያ አልገባትም። ዓፊያ ሁሉንም ነገረቻት፤ ሳጥኑን፣ ለብ ያለውን ውሃ፣ ከሙህዲን ጋር የተባባሉትን። ስትነግራት አስፋልቱን ነበር የምታየው። አንድ አይሱዙ በአጠገባቸው አልፎ ነጠላቸውን አራገበው።

«ውሻው ምንም አላየም በይኛ» አለች ዙቤይዳ በመጨረሻ።

«አላየም።»

«ትላንትና ስስምሽ ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

ዓፊያ ጥፊ ጠብቃ ነበር። ዙቤይዳ ግን ልጇን አንስታ ደረቷ ላይ ለጠፈቻትና ወደ ሰፈር መራመድ ጀመረች። ትንሽ ሄዳ ቆመች። ፊቷን ሳታዞር «ነይ» አለች። «ለአባባ እኔ አልነግራቸውም። አንቺው ትነግሪያቸዋለሽ።»

አባባ ጀይሉ ግቢያቸው ውስጥ የበሬ ቀንበር ይጠርቡ ነበር። ሙሀመድኑር አጠገባቸው ተቀምጧል። ዙቤይዳን ከነልጇ ተመልሳ ሲያዩ መጥረቢያውን አስቀመጡ። ወሬ እንደሸተታት ሁሉ አሻም ከጎረቤት መጣች፣ ሌሎችም እናቶች። ዓፊያ መሀላቸው ቆማ እንደገና ተናገረች። ይህኛው ከመጀመሪያው ይብስ ነበር፤ ሙሀመድኑር ያንን እግሩን ዘርግቶ ስለሚያዳምጣት።

ስትጨርስ ቀድማ የጮኸችው አሻ ናት።

«እኔ ልጄን ይዤ ስመጣ እያየሽኝ? ‹አይዞሽ› እያልሽኝ? አይዞሽ ብለሽኝ ነበር እኮ!»

«ብዬሻለሁ።»

«አሁንስ ምን ልትይ ነው የመጣሽው? እንደገና ልውጋው ልትይ?»

«አዎ። ነገ አዲስ ክትባት አመጣለሁ፤ በጠዋት፣ በበረዶ። ኩፍኙ ባቲ ደርሷል። ወደዚህ ለመምጣት ብዙ አይፈጅበትም።»

«የመጀመሪያው ውሸት ከሆነ ሁለተኛው እውነት መሆኑን በምን አውቃለሁ?» አሻ አሚርን ከመሬት ብድግ አድርጋ አቀፈችው። «ልጄን እንዳትነኪብኝ። ደጄንም እንዳትረግጪ።» ወጥታ ሄደች።

የቀሩት ሁሉ አባባ ጀይሉን ያዩ ጀመር። ሽማግሌው መሬት መሬት ያያሉ።

«ይሄን ልጅ የወጋው ሰውዬ» አሉ በመጨረሻ፣ በአገጫቸው ወደ ሙሀመድኑር እያመለከቱ፣ «የሮቢት ገበያ በዋለ ቁጥር እየሄድኩ ፈልጌዋለሁ። ልደበድበው አልነበረም። ምን እንደሰጠው ልጠይቀው ነበር። አንድ ነገር ብቻ እንዲነግረኝ። ጠፋ፤ ዳግመኛ አላየሁትም።» ቀና ብለው ዓፊያን አዩዋት። ዓይናቸው ውስጥ ቁጣ ነበር፤ ሌላም ነገር ነበር፣ ዓፊያ ለይታ ያላወቀችው። «አንቺን ምን እንደምልሽ አላውቅም፣ ልጄ። ሂጂ አሁን።»

ወደ ጤና ጣቢያ የሄደችው በቀጥታ ከዚያ ነው። ሙህዲን ስትነግረው ፊቱ ተለዋወጠ። «ሰፈሩን አጠፋሽው» አለ። «የእኔን ስምም ጨመርሽበት?»

«ጨምሬዋለሁ።»

ሙህዲን ወዲያ ወዲህ አለ። አንዴ መስኮቱ ጋ፣ አንዴ ማቀዝቀዣው ጋ። ዓፊያ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ከሥራ የምትባረር መሰላት፤ እናቷን ምን እንደምትላት ስታስብ ነበር። ሙህዲን ግን ማቀዝቀዣውን ከፍቶ «ባቲ በእርግጥ ገብቷል ነው የሚሉት?» ብሎ ጠየቃት፤ መልሷን ሳይጠብቅም በረዶ መቁጠር ጀመረ።

በማግስቱ ሙህዲን ራሱ ሞተሩን ነድቶ ሳጥኑን ይዞላት መጣ፤ ገና ከብቶች ከበረት ሳይወጡ። ግራሩ ሥር ቁጭ አሉ። ጠበቁ። ፀሐይዋ ከተራራው ብቅ አለች፤ ማንም አልመጣም። ሴቶች ጄሪካናቸውን አዝለው በሩቅ አልፈው ወደ ወንዝ ወረዱ። ሙህዲን «አላልኩሽም» የሚል ፊት ነበረው፤ አላላትም እንጂ። ዓፊያ ሳጥኑን ለመክፈት እንኳ ፈራች፣ ቅዝቃዜው እንዳይወጣ።

ከዚያ ከመንገዱ ጫፍ አንድ ሰው አየች። እግሩን ይጎትታል። ሙሀመድኑር ነው፤ ሪሀናን በትከሻው አድርጎ።

«ዙቤይዳ ሌሊቱን ወደ እህቷ ሄደች» አላት ሲደርስ። «ብቻዋን። እሷ ራሷ ልጅ ሆና ኩፍኝ ወጥቶላት ስለነበር አይዘኝም አለች። አይዛትም?»

«አይዛትም።»

«ለልጅቷ የላም ወተት አለ። አሳድራታለሁ።» ሪሀናን አውርዶ እጇን ያዘላት።

«አባባ ምን አሉ?»

«ዝም አሉ። አትሂድ ቢሉኝ ኖሮ አልመጣም ነበር። ዝም አሉ።»

ዓፊያ ሳጥኑን ከፍታ እጇን አስገባች። ቅዝቃዜው ጣቷን አቃጠላት። ብልቃጡን በጥብጣ ወጋች። ሙሀመድኑር መርፌው ሲገባ ዓይኑን ጨፈነ፤ ከልጁ ይበልጥ እሱ ነው ያመመው። ከዚያ በኋላ ከሰፈሩ አንዳንድ እናቶች መጡ። ሁሉም አይደሉም። አሻ አልመጣችም።

ኩፍኙ ጨፋ ሸለቆ የደረሰው ሰኔ ሳይገባ ነው። ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ሲሄድ ዓፊያ ስማቸውን የምታውቃቸው ልጆች ቤት በሩ እየተዘጋ፣ መስኮቱ በጨርቅ እየተሸፈነ ሄደ። ሪሀና አንድ ምሽት ትኩሳት አላት ተብሎ ዓፊያ እየሮጠች ሄዳ አፏን ከፍታ፣ ከጆሮዋ ጀርባ አይታ፣ ጥርስ መሆኑን ስታውቅ እዚያው መደቡ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ዙቤይዳ ከባቲ ተመልሳ ነበር፤ ከእህቷ ልጆች ትንሹን ቀብራ። ስታለቅስ አይታ አላባበለቻትም። ግን ሂጂም አላለቻትም።

የአሚርን መታመም የነገረቻትም ዙቤይዳ ናት። «ወጥቶበታል» አለቻት፤ «ዓይኑ አልገለጥ ብሏል። አሻ ጨለማ ቤት ዘግታበት ተቀምጣለች። ጤና ጣቢያ ውሰጂው ብላት ኩፍኝ የያዘውን ልጅ መርፌ ከነካው ይሞታል አለችኝ። እናቷ እንደዚያ ነግራታለች።»

ዓፊያ አሻ ደጅ ደርሳ ቆመች። አትርገጪ ተብላለች። ከውጪ «አሻ» ብላ ጠራች። ውስጥ ልጁ ይስላል፤ ደረቅ፣ እንደ ውሻ ጩኸት ያለ ሳል።

«አሻ፣ መርፌ አልያዝኩም። ቦርሳዬን አይተሽ ግቢ በይኝ። ለዓይኑ የሚሆን በአፍ የሚሰጥ ቫይታሚን አለኝ፤ ካልተሰጠው ዓይኑ ሊጠፋ ይችላል። ይኸው፣ መሬት ላይ አፍስሼዋለሁ፣ ነይና እዪው።»

ቦርሳዋን በሩ ላይ ገለበጠችው። እንክብሎቹ፣ የሕይወት አድን ንጥረ ነገሩ ፓኬት፣ ጋዙ፣ ጨርቁ። ቁጭ ብላ ጠበቀች። የሰፈሩ ሰው በአጠገቧ እያለፈ ያያታል። ብዙ ቆይቶ በሩ ተከፈተ። አሻ ፀጉሯ ተበታትኖ፣ ዓይኗ አብጦ መሬት ላይ የተበተነውን ዕቃ አንድ በአንድ አየችው። አንዱንም እንክብል አንስታ ወደ ብርሃኑ አድርጋ አገላበጠችው።

«ይሄ ራሱ አልሞተም?»

«አልሞተም። ይኼኛው በረዶ አይፈልግም።»

«ወላሂ በይ።»

«ወላሂ።»

አሻ ከበሩ ዞር አለችላት።

አሚር ጨለማው ጥግ ላይ እንደ ፍም እየጋለ ተኝቷል። ዓፊያ የቫይታሚኑን እንክብል ጫፍ ቆርጣ ጠብታውን አፉ ውስጥ ጨመቀችለት። የተጣበቀውን ዓይኑን በንጹሕ ጨርቅ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ አጠበች፣ ቀስ እያለች። መስኮቱ ይከፈት ስትል አሻ ከለከለቻት፤ ግማሹን ብላ ተደራድራ ግማሹ ተከፈተ። አፉ ቆስሎ መዋጥ ቢያቅተውም በማንኪያ፣ ጠብ ጠብ እያደረጉ አጠጡት። የልጁ ጎን ሲተነፍስ እየተሰረጎደ መሆኑን ስታይ ግን ዓፊያ ማንኪያውን አስቀመጠች።

«አሻ፣ ሳንባው ተይዟል። አሁን ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። መርፌ ሊሰጡት ይችላሉ። አልዋሽሽም።»

አሻ ልጇን አየች፣ ዓፊያን አየች። «መርፌ ከነካው ይሞታል ነው የሚሉት» አለች ደክሟት።

«ይሉታል። ካልሄደ ግን እኔ ለዚህ ሌሊት እፈራለሁ።»

አሻ አሚርን በነጠላዋ ጠቅልላ ቃሬዛ ላይ አስተኛችው። ቃሬዛውን ያነሱት አባባ ጀይሉና ሙሀመድኑር ናቸው፤ ሙሀመድኑር እያነከሰ፣ ተራ ተራ እየተባለ፣ እስከ አስፋልቱ። ዙቤይዳ ውሃ ይዛ ከኋላ ትከተላለች። ጤና ጣቢያው ሲደርሱ ሙህዲን በር ላይ ተቀበላቸው። መርፌውን ከመውጋቱ በፊት አሻን አስጠግቶ የመድኃኒቱን ስም፣ ለምን እንደሚሰጥ፣ ምን ሊያመጣ እንደሚችል እየነገረ አሳያት። ዓፊያ ከዚያ በፊት እንዲህ ሲያደርግ አይታው አታውቅም።

አሚር ብዙ ቀን ተኛ። አንድ ቀን ይሻለዋል፣ በማግስቱ ይብሰዋል። ዓፊያ ጠዋት ጠዋት ቡርቃን ዞራ ከሰዓት በኋላ ትመጣለች፤ በሩን ስትገፋ ሁልጊዜ መጀመሪያ የምታየው የአሻን ፊት ነው፣ አልጋውን አይደለም። አሻ ሰላምታዋን አትመልስም። ቦታ ግን ትለቅላታለች።

ትኩሳቱ የለቀቀው አንድ አርብ ነው። ልጁ ውሃ ጠየቀ፣ ከዚያ ዳቦ ጠየቀ። ቀኝ ዓይኑ ጥርት ብሏል። ግራው ላይ ትንሽ ነጭ ጠባሳ ቀርቷል፤ በዚያኛው የሚያየው በጭጋግ ውስጥ ያህል ነው ብሎ ሐኪሙ ነገራቸው። አሻ ይህን ስትሰማ አላለቀሰችም። የልጁን ግራ ዓይን በእጇ ሸፍና «እናትህን ታያለህ?» አለችው። ከዚያ ቀኙን ሸፍና ያንኑ ጠየቀችው።

«ትንሽ» አለ አሚር።

ዓፊያ መቀመጥ አልቻለችም። ቦርሳዋን አንስታ ወደ በሩ ሄደች።

«ያን ቀን ብመጣ ኖሮ» አለች አሻ ከኋላዋ፣ ልጁን እያየች። «አዲሱ ክትባት የመጣ ቀን።»

«መጀመሪያውኑ እኔ ባልዋሽሽ ኖሮ ትመጪ ነበር» አለች ዓፊያ።

አሻ ራሷን ነቀነቀች፤ አዎ ማለቷ ይሁን አይሁን አልታወቀም። ዳቦውን ቆርሳ ለልጇ አጎረሰችው።

«ወንዝ ማዶ ያሉት እነ መሪየም ልጆቻቸውን አላስከተቡም» አለች ትንሽ ቆይታ። «መሪየም የአክስቴ ልጅ ናት። ብቻሽን ብትሄጂ አትሰማሽም፤ ስላንቺ የነገርኳት እኔ ነኝ። እሁድ ከዚህ ከወጣሁ አብሬሽ እሄዳለሁ።»

«ምን ትያታለሽ?»

«ያለውን እነግራታለሁ» አለች አሻ። «አንቺንም፣ የእሱንም ዓይን።»

ዓፊያ ከጤና ጣቢያው ወጥታ መንገድ ጀመረች። ወንዝ ማዶ ኩፍኙ ደርሶ ይሁን አይሁን ገና የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ እሁድ ደግሞ ሩቅ መሰላት።